ሜሪዲያኒ ፕላነም (ሜትዮራይት)

ከምድር ውጭ ባለ ፕላኔት ላይ ማንነቱ የታወቀ የመጀመሪያው ሜትዮራይት። የናሳዋ ተሽከርካሪ ኦፖርቹኒቲ እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ማርስ ላይ አገኘችው፤ ስታርፍ ከጣለችው የሙቀት መከላከያ አጠገብ ስለነበረ «የሙቀት መከላከያው ድንጋይ» ተባለ። የቅርጫት ኳስ ያህላል። ፊቱ በአውራ ጣት የተጫኑት ሊጥ ይመስል ጎድጎድ ያለና የሚያብረቀርቅ ነው። 93 በመቶ ገደማው ብረት፣ 7 በመቶው ኒኬል ነው፤ ከሰማይ መውደቁን የመሰከረውም ይኸው ኒኬል ነው። መሣሪያዋ እንዳይጎዳ ሲባል አልተቦረቦረም፣ በብሩሽ ብቻ ተጠረገ።

ኦፖርቹኒቲ በ2009 ብሎክ አይላንድ የተባለውን፣ ግማሽ ቶን ገደማ የሚገመተውን ሌላ ሜትዮራይት አገኘች። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን የሚያህል ብረት ሳይሰባበር ለማረፍ ከዛሬው የወፈረ ከባቢ አየር ያስፈልገው ነበር ብለው ተከራክረዋል። ሌላዋ የናሳ የማርስ ተሽከርካሪ ኪዩሪዮሲቲ በ2014 ያየችው ሌባነን የተባለው ሜትዮራይት ደግሞ 2 ሜትር ገደማ ስፋት አለው።