የአሮጌ ፒክአፕ መኪና የፊት መብራት ብልሽት

የፊት መብራት ብልሽት በአሮጌ ፒክአፕ መኪኖች ላይ አዘውትረው ከሚታዩ የኤሌክትሪክ ችግሮች አንዱ ነው። ሾፌሩ ማብሪያውን ሲያዞር አንዱ ወይም ሁለቱም የፊት መብራቶች ሳይበሩ ይቀራሉ፣ ወይም በርተው መንገዱን በቅጡ አያሳዩም። መንስኤው ብዙ ጊዜ የተቃጠለ አምፑል ወይም ፊውዝ ነው። መኪናው ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ከሆነ ግን የዛገ ሶኬት፣ የላላ የኔጌቲቭ ሽቦ ወይም የተቃጠለ ማብሪያ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። ይህ ጽሑፍ ችግሩን በካፋ ዞንና በዋና ከተማው በቦንጋ አካባቢ ካለው የመንገድና የአየር ሁኔታ ጋር አያይዞ፣ በተለይም በቶዮታ ላንድ ክሩዘርና ሃይሉክስ ላይ ያለውን ያብራራል።

በካፋ ያለው ሁኔታ

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ናት። ከጅማ የሚመጣው መንገድ ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ ደጋማው ጫካ ይወጣል። ከቦንጋ ወዲያም በውሽውሽ የሻይ ተክል በኩል ወደ ጨና፣ ከዚያም ወደ ሚዛን ይዘልቃል። አካባቢው በእ.ኤ.አ. 2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ የሚገኝበት ሲሆን፣ በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ስፍራዎች ይመደባል። ደረቁ ወቅት አጭር ነው፤ ጠዋትና ማታ ጉም መሬት ላይ መተኛቱም የተለመደ ነው።

ጨለማው ሲመጣ ቶሎ ነው። ቦንጋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይም። በክረምት ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በጥቅምትና በኅዳር ግን 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ትጠልቃለች። በዓመቱ ውስጥ ቀድሞ የሚመሸው እንግዲህ ቡና በሚለቀምበት ወቅት ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መኮምጠጥ ይጀምራል። ለቃሚው ከሰዓት በኋላ ያመጣውን ቡና ፒክአፑ የሚጭነው ሊመሽ ሲል ስለሚሆን፣ መብራት የሌለው መኪና ጭነቱን ይዞ እንዲያድር ወይም በጨለማ እንዲጓዝ ይገደዳል። ከገጠር ቀበሌ በሌሊት ወላድ ወይም ሕመምተኛ የሚያደርሰውም ብዙ ጊዜ ያው ፒክአፕ ነው።

የመኪኖቹ ዓይነት

በኢትዮጵያ የገጠር መንገዶች በብዛት የሚታዩት የቆዩ ፒክአፖች ቶዮታ ናቸው። ሃይሉክስ ማምረት የተጀመረው በእ.ኤ.አ. 1968 ሲሆን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች በስፋት የተጠቀሙበት ላንድ ክሩዘር 70 ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1984 ወጣ። ከእነዚህ ሌላ ኢሱዙና ኒሳን፣ አልፎ አልፎም ላንድ ሮቨር ይገኛሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ እጅግ ከፍ ስላደረገ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ መያዝ ከቀድሞው የበለጠ አዋጭ ሆኗል።

በቆዩት መኪኖች ላይ ሁለት ዓይነት የፊት መብራት ይገኛል። አንዱ መስተዋቱ፣ ብርጭቆውና ክሩ አንድ ላይ የታሸጉበት ክብ መብራት ሲሆን፣ ሲቃጠል በሙሉ ይቀየራል። ሁለተኛው ኤች 4 በሚባለው ሃሎጂን አምፑል የሚሠራው ነው። ይህ አምፑል በውስጡ ሁለት ክሮች አሉት፤ አንዱ ለረጅም መብራት 60 ዋት፣ ሌላው ለአጭር መብራት 55 ዋት ነው። ከኋላው ሦስት እግሮች ሲኖሩት አንዱ እግር የሁለቱም ክሮች የጋራ ነው።

አሠራሩ

ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ አንድ 55 ዋት ክር 4.6 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሁለቱ መብራቶች አብረው ሲበሩ ወደ 9 አምፔር፣ በረጅም ሲሆን 10 አምፔር ይደርሳል። ለመኪና ሽቦ ይህ ትንሽ አይደለም፤ ስለዚህም ብዙ መኪኖች ኃይሉን በማብሪያው ከማሳለፍ ይልቅ በሪሌ ያሳልፉታል። ሪሌ የሌላቸው የቆዩ መኪኖች፣ ለምሳሌ አሮጌ ላንድ ሮቨሮች፣ ሙሉው ኃይል በመሪው ሥር ባለው ማብሪያ ውስጥ ስለሚያልፍ የማብሪያው መነካኪያ ከዓመታት በኋላ ይቃጠላል። ከእ.ኤ.አ. 1967 በፊት የተሠሩ ላንድ ሮቨሮች ላይ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው ፖዘቲቩ መሆኑም መታወቅ አለበት።

በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። በሌሎች መኪኖች ማብሪያው ፖዘቲቩን ይቆርጣል፤ የአምፑሉ የጋራ እግር ከመኪናው አካል ጋር ይያያዛል። በእነዚህ ቶዮታዎች ግን ፖዘቲቩ በግራና በቀኝ ፊውዞች አልፎ በቀጥታ ወደ አምፑሉ የጋራ እግር ይገባል፤ የመሪው ማብሪያ የሚያገናኘው ኔጌቲቩን ነው። አጭር ሲመረጥ የአጭሩ ክር፣ ረጅም ሲመረጥ የረጅሙ ክር ከኔጌቲቭ ጋር ይገናኛል። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ በመፈተሻ አምፑል ሦስቱንም እግሮች ሲነካ ሁሉም ጋ ኃይል ያገኛል፤ ኃይሉ በክሮቹ በኩል ተሻግሮ ስለሚመጣ ነው። «ሽቦው ተገናኝቷል» ብሎ ጤነኛ ሽቦ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው።

ምልክቱ ምን ይናገራል

መሣሪያ ከማውጣት በፊት የትኛው መብራት እንደሚሠራና እንደማይሠራ መለየት ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። አንዱ ወገን ብቻ ከጠፋና ሌላው ደህና ከሆነ ማብሪያውና ሪሌው ብዙውን ጊዜ ጤነኞች ናቸው፤ ችግሩ በዚያው ወገን አምፑል፣ ፊውዝ ወይም ሶኬት ላይ ይፈለጋል። ሁለቱም በአጭር ጠፍተው በረጅም የሚበሩ ከሆነ ወይ ማብሪያው ወይ ሁለቱም የአጭር ክሮች ናቸው። ሁለት አምፑሎች በአንድ ጊዜ ይቃጠላሉ ብሎ ማመን ይከብዳል፤ በተግባር ግን አንደኛው ከሳምንታት በፊት ተቃጥሎ ሾፌሩ ልብ ያለው ሁለተኛው ሲቃጠል ነው።

ሁለቱም መብራቶች በአጭርም በረጅምም ካልበሩ ጥያቄው ሌላ ነገር ይሠራል ወይ የሚል ይሆናል። ጥሩንባው፣ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ የሚሠሩ ከሆነ ባትሪው አለ። የፓርኪንግ መብራት በርቶ የፊቱ ብቻ ከጠፋ የፊት መብራቱ ሪሌ፣ የመሪው ማብሪያ ወይም የማብሪያው ኔጌቲቭ ይጠረጠራል። ምንም የሚበራ ነገር ከሌለ የባትሪው ራሶችና ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ያለው በፊውዝ ፋንታ የሚያገለግለው ቀላጭ ሽቦ ይታያሉ።

በኔጌቲቭ በሚበሩት ቶዮታዎች ላይ አንድ የሚያሳስት ምልክት አለ። የግራው ፊውዝ ተቃጥሎ አጭሩ መብራት ሲበራ፣ ኃይል ከቀኙ አምፑል በረጅሙ ክር በኩል ወደ ግራው ይሻገራል፤ የግራውን ሁለቱንም ክሮች አልፎም ወደ ኔጌቲቭ ይወርዳል። ሦስት ክሮችን በተከታታይ ስለሚያልፍ የግራው መብራት እንደ ፍም ይቀላል፤ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ሰማያዊው የረጅም መብራት ጠቋሚም ጭል ጭል ሊል ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ኔጌቲቭ ሲፈልግ ይውላል፤ የተበላሸው ግን አንድ ፊውዝ ነው።

አፈታተሽ

ፊውዝ በዓይን ብቻ አይፈረድበትም። ክሩ ያልተቆረጠ መስሎ እግሩ ሥር የተሰነጠቀ ፊውዝ አለ፤ እግሩ ዝጎ ኃይል የማያሳልፍም አለ። በቴስተር ወይም በመፈተሻ አምፑል ሁለቱም ጫፍ ይነካል። ሪሌው መብራቱ ሲበራ «ቀጭ» ማለት አለበት፤ ድምፅ ካለ ግን መነካኪያው ላይቀበል ስለሚችል፣ ከዚያው መኪና ላይ ተመሳሳይ ሪሌ ካለ ቦታ ለውጦ መሞከር ይቀላል።

ቀጥሎ ሶኬቱ ከአምፑሉ ይነቀላል፤ ማብሪያው አጭር ላይ ይደረጋል። የመፈተሻው አምፑል አንድ ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ታስሮ ሦስቱ የሶኬት ቀዳዳዎች ይነካሉ። ሌላኛው ወገን አምፑልም ከሶኬቱ መነቀል አለበት፤ ካልተነቀለ የተሻገረ ኃይል ያሳስታል። በአንዱ ቀዳዳ ኃይል ከተገኘ የመፈተሻው ጫፍ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ተዛውሮ የቀሩት ሁለቱ ይነካሉ። አንዱ ካበራ መንገዱ ሙሉ ነው፤ ጥፋቱ አምፑሉ ነው። ሁለቱም ካላበሩ ችግሩ በማብሪያውና በኔጌቲቩ መካከል ነው።

መብራቱ በርቶ የሚደበዝዝ ከሆነ በቴስተር የቮልቴጅ መጠን ይለካል። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይጠበቃል። መብራቱ እየበራ አምፑሉ እግሮች ላይ የሚለካው ከዚህ በግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ በመንገድ የሚባክን ኃይል አለ። የሃሎጂን አምፑል ብርሃን ከቮልቴጁ ይልቅ በፍጥነት ይወርዳል፤ ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ «መብራቱ ደክሟል» የሚባለው አብዛኛው መኪና አምፑሉ ሳይሆን ሽቦው ነው የደከመው።

እርጥበትና ዝገት

በካፋ በመሰለ እርጥብ አገር ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ውኃ በሶኬት ውስጥ ሲቀመጥ በመዳብ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይፈጠራል፤ ዝገቱ ኃይልን ይገታል፤ የተገታው ኃይል ደግሞ ሶኬቱን ያሞቀዋል፤ ሙቀቱ ዝገቱን ያባብሰዋል። የሶኬቱ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ከተገኘ ማጽዳት አይበቃም፤ መቀየር አለበት። የኔጌቲቭ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበት ብሎን በቀለምና በጭቃ ሥር ይደበቃል፤ ተፈትቶ ብረቱ እስኪነጣ ይሞረዳል፣ ተጠብቆ ከታሰረ በኋላም ግሪስ ይቀባል። የጎማ ሽፋኑ የጠፋ ኤች 4 አምፑል ውኃ ወደ መስተዋቱ ስለሚያስገባ ከጊዜ በኋላ መስተዋቱ ይላጣል፤ አዲስ አምፑል ቢገባበትም ብርሃን አይወረውርም። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ከሆነ አይጥ የበላው ሽቦም መታየት አለበት።

አዲስ አምፑል ሲገባ ብርጭቆው በእጅ አይነካም፤ የእጅ ቅባት ሲሞቅ ብርጭቆውን አንድ ቦታ ላይ ያቃጥለዋል። ከተነካ በአልኮል ይጠረጋል።

የተለመዱ የተሳሳቱ ጥገናዎች

በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ወይም የመዳብ ሽቦ ማስገባት የታወቀ ልማድ ነው። መብራቱ ይበራል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሽቦ ቢገናኝ የሚቃጠለው ፊውዙ ሳይሆን ሽቦው፣ ብሎም መኪናው ነው። ሁለተኛው ስሕተት ብርሃን ለመጨመር 100 ዋት አምፑል መግጠም ነው፤ ሁለቱ አብረው ወደ 17 አምፔር ስለሚወስዱ ለ60 ዋት የተዘረጋው ሽቦና ሶኬት ይቀልጣል። በመደበኛው አምፑል ላይ ከባትሪ በቀጥታ በፊውዝና በሪሌ ወፍራም ሽቦ መዘርጋት የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ ወጪውም ትንሽ ነው።

በገበያ ላይ የበዙት የኤል ኢ ዲ አምፑሎች ለሃሎጂን በተሠራ መስተዋት ውስጥ ሲገቡ ብርሃኑ ይበተናል፤ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል፣ በጉም ውስጥም ነጭ ግድግዳ ይፈጥራል። ከዚህም ሌላ ለፖዘቲቭ ማብሪያ የተሠራ የኤል ኢ ዲ አምፑል በኔጌቲቭ የሚበራ ቶዮታ ላይ ላይሠራ፣ ወይም ረጅምና አጭሩን ላይለይ ይችላል። ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ የሚቀርብ መኪናም የፊት መብራቱ ይታያል፤ የብርሃኑ አቅጣጫ ጭምር።

በመንገድ ላይ ሲጠፋ

መብራቱ በጉዞ ላይ ድንገት ከጠፋ የመጀመሪያው ሙከራ ማብሪያውን ወደ ረጅም ማዞር ወይም የብልጭታ እጀታውን መሳብ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ መስመር በሕይወት ይኖራል። ካልሆነ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ይቆማል፤ አራቱም ፍሬቻዎች ይበራሉ። በቁልቁለት ላይ የሌላ መኪና መብራት ተከትሎ መንዳት አደገኛ ነው፤ የፊተኛው በመጠምዘዣው ሲሰወር የኋለኛው ሙሉ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ተመሳሳይ መጠን ያለው ፊውዝ ከሬዲዮ ወይም ከማሞቂያው ተነቅሎ ለመብራቱ ሊያገለግል ይችላል። አዲሱም ፊውዝ እንደገባ ወዲያው ከተቃጠለ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር ተነካክቷል ማለት ስለሆነ፣ ሦስተኛ ፊውዝ ከማቃጠል በፊት ከመብራቱ ጀርባ፣ ከራዲያተሩ ጎንና ሽቦው በብረት ቀዳዳ በሚያልፍባቸው ቦታዎች የተላጠው ሽቦ ተፈልጎ በፕላስተር ይጠቀለላል።