የተራበውን ማን ይቆጥራል?



ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ወሬ የዝናቡ ነው። «በልጉ ቀረ»፣ «ፍየሎቹን ሸጥናቸው» ይሉናል። እኛም የቻልነውን በሐዋላ እንልካለን። ዛሬ የማወራችሁ ያው ወሬ በመንግሥት በኩል ስለሚሄድበት መንገድ ነው። ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ለጋሽ አገር ደርሶ እህል ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ማለቴ ነው። ይህ መንገድ እንዲሁ የተገኘ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሞቶበታል።

ከመካከላችን የወሎ ልጆች ብዙ ስለሆንን ከወሎ ልጀምር። የ1964 ክረምት አጠረ፤ የ1965 በልግ ደግሞ ቀረ። ሕዝቡ በደሴ አውራ ጎዳና ዳር ተኮልኩሎ መኪና ያስቆም ጀመር። ሹማምንቱ ያውቁ ነበር። አዲስ አበባ የነበሩት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም ያውቁ ነበር፤ ግን መንግሥት ሳያምን እኛ አናወራም ብለው ዝም አሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶ አንሥተው በግቢያቸው ለዕይታ አቀረቡ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ነገሩ አደባባይ ወጣ። ስንት ሰው ሞተ? አንዱ 40,000 ይላል፣ ሌላው 200,000። ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው በጊዜው የቆጠረ ስላልነበረ ነው።

ስለዚያ ረሀብ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የኢኮኖሚ ሊቁ ሕንዳዊ አማርትያ ሴን ሲያጠኑት፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። እንዲያውም ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሄደ እህል ነበር። ገበሬው ግን አዝመራው ጠፍቶ፣ ከብቱም በርካሽ ተሸጦ አልቆ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ከዚህ ከሰው ቤት የምንልካት ብር ለምን ነፍስ እንደምታተርፍ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

ከዚያ ረሀብ በኋላ በ1966 የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ። አብያተ ክርስቲያናትና የእርዳታ ድርጅቶችም እርስ በርስ የሚመካከሩበት የክርስቲያን የእርዳታና የልማት ድርጅቶች ማኅበር የተወለደው በዚያው ረሀብ ነው። ኮሚሽኑ ቀስ በቀስ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍል አቋቋመ። ሥራው ዝናቡን፣ የአዝመራውን ሁኔታና የገበያውን ዋጋ መከታተል ነው። በተለይ የፍየልና የበግ ዋጋ ሲወርድ የእህል ዋጋ ከወጣ፣ ሰው ሊራብ ነው ማለት ነው። እናቶቻችን በስልክ የሚነግሩንም ይህንኑ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ 1977 እንዴት መጣ? እኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ያን ጊዜ አላውቅም የሚል አልነበረምና። በመጋቢት 1976 ኮሚሽኑ ለጋሾችን ጠርቶ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ችግር ላይ ነው አለ። 900,000 ቶን እህል ያስፈልጋል፣ ወደቡና መኪናው ግን የሚችለው ግማሹን ነው ብሎ 450,000 ቶን ጠየቀ። በዚያው ሰሞን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች የገመቱት 125,000 ቶን ብቻ ነበር። ለጋሽ ሁለት ቁጥር ሲቀርብለት የትኛውን ይመርጣል? ያነሰውን ነው። ኮሚሽኑ በየዓመቱ ስለሚጠይቅ አጋንኗል ተባለ፤ እህሉ ለወታደር ይሄዳል ተብሎም ተጠረጠረ። የምዕራብ መንግሥታት ለደርግ የነበራቸው ጥላቻም ታክሎበታል። ደርጉ በበኩሉ በመስከረም 1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በማክበርና በዚያው ሰሞን ኢሠፓን በመመሥረት ተጠምዶ ነበር። የዚያን ጊዜው ኮሚሽነር ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ፣ ማስጠንቀቂያቸው እንዳልተሰማ በኋላ ከአገር ወጥተው ጽፈዋል።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ማይክል በርክ ከቆረም ያቀረበው ዘገባ በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ። የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን ወታደራዊ አውሮፕላኖች ከሶቪየት አውሮፕላኖች ጋር በአንድ ሰማይ እህል አመላለሱ። የተባበሩት መንግሥታትም ፊንላንዳዊውን ኩርት ያንሶንን አዲስ አበባ አስቀምጦ በመንግሥትና በለጋሾች መካከል እንዲያስተባብሩ አደረገ። ጥሩ ሥራ ሠሩ። ግን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ያለፉት ወራት አልተመለሱም፤ በዚያ ረሀብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል።

በትግራይና በኤርትራ አማፅያን በያዙት መሬት ለነበረው ሕዝብ ደግሞ የአዲስ አበባው መንገድ ዝግ ነበር። ለእነርሱ እህል ከሱዳን በኩል በሌሊት በካሚዮን ይገባ ነበር። ከአገር ውስጥ በኩል ደግሞ ካቶሊኮች፣ መካነ ኢየሱስ፣ በኋላም ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መጋዘንና መኪና አዋሕደው በጋራ ሠርተዋል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ አብሮ መቁጠር ነው። በ1986 የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ወጣ፤ በ1987 ኮሚሽኑ ስሙም ሥራውም ተለውጦ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ። ከመኸርና ከበልግ አዝመራ በኋላ የመንግሥት፣ የተባበሩት መንግሥታትና የእርዳታ ድርጅቶች ባለሙያዎች በአንድ መኪና ተሳፍረው ወረዳ መውረድ፣ ማሳ ማየት፣ ገበያ መጠየቅ ጀመሩ። ሲመለሱ አንድ ቁጥር፣ አንድ ሰነድ ያወጡ ነበር። በዚያ ቁጥር ላይ ክርክርና ድርድር አይጠፋም ነበር፤ ቁጥሩ ሲበዛ ስሙ የሚጠፋ የሚመስለው ሹም ሁልጊዜ አለና። ቢሆንም ከሁለት ቁጥር አንድ የተጨቃጨቁበት ቁጥር ይሻላል።

ሌላው የመጠባበቂያ እህል ነው። ለጋሽ እሺ ካለ በኋላ መርከብ እስኪደርስ ብዙ ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ እንደ ኮምቦልቻ፣ ናዝሬትና መቀሌ ባሉ ቦታዎች የመጠባበቂያ መጋዘን ተቋቋመ። የእርዳታ ድርጅቱ ቃል የተገባለትን እህል አስይዞ ከዚያ ይበደር፣ መርከቡ ሲገባ ይመልስ ነበር። ጎረቤት አንድ ቁና ዱቄት እንደምንበደረው ነው። የሚበላሸውም እንደዚያው ነው፤ ተበዳሪው ሳይመልስ ሲቀር መጋዘኑ ባዶውን ይቀራል።

በ1995 ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈለገ፤ እንደ 1977 ያለ እልቂት ግን አልሆነም። ለጋሾችና መንግሥት ግን በየዓመቱ ለዚያው ሰው መለመን እስከ መቼ አሉ። በ1997 ሴፍቲኔት ተጀመረ። በየዓመቱ የሚራብ ቤተሰብ ድርቅ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በእህል ወይም በገንዘብ ይረዳል፤ ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠግናል፤ አቅመ ደካማው ሳይሠራ ያገኛል።

በ2008 ኤልኒኞ ሲመጣ ቁጥሩ እንዴት እንደተራመደ ተመልከቱ። በነሐሴ 2007 4.5 ሚሊዮን፣ በጥቅምት 8.2 ሚሊዮን፣ በታኅሣሥ 10.2 ሚሊዮን ነበር፤ የሴፍቲኔት ተረጂዎች ሳይጨመሩ። ዓለም ዓይኑ ሶርያ ላይ ስለነበር መንግሥት ከራሱ ካዝና ቀድሞ አወጣ። የጅቡቲ ወደብ በመርከብ ተጨናንቆ ነበር። በአፋርና በሶማሌ ከብት አለቀ፣ ሕፃናት ከሱ። የሰው እልቂት ግን አልደረሰም።

ነገሩ ሁሉ አማረ እንዳልል 2015 አለ። በሰኔ ወር አሜሪካና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታው እየተሰረቀ ነው ብለው በመላው አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ስደተኛው እንኳ አልቀረለትም። የተመለሰው ከወራት በኋላ የተረጂ አመዘጋገቡና ቁጥጥሩ ተለውጦ ነው። ሌባው ሳይራብ የተራበው መቀጣቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ወደ ቀበሌው ልምጣ። በሴፍቲኔት ደንብ ተረጂውን የሚመርጠው ከማኅበረሰቡ የተውጣጣ ኮሚቴ ነው፤ የስሞቹ ዝርዝርም በሕዝብ ፊት ይፋ መሆን አለበት። አቤቱታ የሚሰማ ሌላ ኮሚቴም በቀበሌው ይኖራል። «ልጇ ዓረብ አገር ናት፣ ትልክላታለች» ተብላ እናታችሁ ከዝርዝሩ ብትወጣና እናንተ ደሞዝ ሳታገኙ ወራት ካለፉ፣ ይህን ለአቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ ቀርባ መናገር ትችላለች። ራሷ መሄድ ካቃታት ወንድማችሁን ወይም ጎረቤት ይዛ ትሂድ። ያመለከተችበትን ቀንና የተቀበላትን ሰው ስም በስልክ ጠይቃችሁ ጻፉት።