የእጅ ሥራ ክፍል ሲከፈትና ሲዘጋ፦ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሙያ ትምህርት ታሪክ



ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ተግባራዊ ሆኗል። በዚህም መሠረት 7ኛና 8ኛ ክፍል የሚማሩ ልጆቻችን ከሒሳብ፣ ከሳይንስና ከቋንቋ ጋር የሙያና የቴክኒክ ትምህርት እንዲማሩ ተደርጓል። በእኛ ከተማ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በአንጋጫና በዶዮገና እናቶች ሲገናኙ ይህ ጉዳይ ይነሳል። አንዳንዶቻችን «ልጄን ወጥ መሥራትና መስፋት እኔው አስተምራታለሁ፤ ትምህርት ቤት የላክኋት ለዚህ ነው እንዴ?» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «መሣሪያ በሌለበት ምን ሊማሩ ነው?» እንላለን። ሁለቱም ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም። የሙያ ትምህርት በዚህ የዕድሜ ክልል ላሉ ልጆች ሲሰጥ ይህ ሦስተኛ ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ሄዷል። ለምን እንደሄደ ካላወቅን አሁንም ዝም ብለን ልንሸኘው እንችላለን ብዬ ስለሠጋሁ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ሙያና ባለሙያ

በመጀመሪያ ራሱን ቃሉን እንመልከት። ስለ ወንድ «ባለሙያ ነው» ከተባለ መሐንዲስ፣ መካኒክ ወይም ሐኪም ሊሆን ይችላል። ስለ ሴት «ባለሙያ ናት» ከተባለ ግን አብዛኛው ሰው የሚረዳው ወጥዋ እንደሚጣፍጥና ቤቷ እንደሚያምር ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ለወንዱ ደመወዝ አለው፤ ለሴቷ ምስጋና ብቻ ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ችግር ነበር። በሀዲያም በከምባታም ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡና ቆዳ የሚፍቁ ቤተሰቦች ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ይኖሩ ነበር። ሌላው አብሯቸው አይበላም፣ ልጁንም አይድርላቸውም። ማሰሯቸውንና ማረሻቸውን ግን ሁሉም ይፈልገዋል። ይህ ንቀት በአገሪቱ በብዙ ቦታ የነበረ ስለሆነ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሌላው ባለ እጅ እየተሰደበ ጥበብ እንዴት ያድጋል የሚል ነበር የአዋጁ መንፈስ። በዚያው ዘመን የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ግን በዋናነት የቋንቋ ትምህርት ነበር የሚሰጠው። መንግሥት በጊዜው የቸገረው አስተርጓሚና ጸሐፊ ነበርና። ትምህርት ማለት ቢሮ ማለት ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አብሮን አደገ።

የመጀመሪያው ጊዜ፦ ባልትና ለሴት፣ እንጨት ሥራ ለወንድ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሪቱ የተማረ ሠራተኛ አጥታ ስለነበር የሙያ ትምህርት ቤቶች ተራ በተራ ተከፈቱ። የአዲስ አበባው ተግባረ እድ በ1934 ዓ.ም.፣ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተቋቋሙ። እኔ የምተዳደርበት የሒሳብ መዝገብ ሙያ በአገራችን በመደበኛ ትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው በዚህ በሁለተኛው ነው ማለት ይቻላል። ለሴቶች በኩል በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትና በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር የእጅ ሥራና የቤት አያያዝ ያስተምሩ ነበር።

እነዚህ ግን በአብዛኛው በአዲስ አበባ የተወሰኑ ነበሩ። በያኔው አጠራር በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረው በከምባታና ሀዲያ አውራጃ ለሚኖር ልጅ ነገሩ የቀረበው በ1950ዎቹ አጋማሽ ትምህርት 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ ሲከፈል ነው። 7ኛና 8ኛ ክፍል ለብቻቸው አንድ እርከን ሆኑ። በዚህ እርከን የእጅ ሥራ፣ እርሻና ባልትና በትምህርት ዓይነትነት ገቡ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድርም በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወርክሾፕ፣ የባልትና ክፍልና የጽሕፈት መኪና ክፍል መገንባት ተጀመረ። ዛሬም ዋቸሞ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንል «አጠቃላይ» የሚለው ቃል የዚያ ዘመን ሐሳብ ነው፤ ቀለምንና ሙያን በአንድ ግቢ አጠቃሎ የሚያስተምር ማለት ነው።

ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛው ሴት ልጅ ወደ ባልትና፣ ወንድ ልጅ ወደ እንጨትና ብረት ሥራ መመደባቸው ነው። ሴቷ የተማረችው ሙያ ደመወዝ ወደሚከፈልበት ሥራ የሚያደርስ ሳይሆን ትዳር የሚያሳምር ተደርጎ ነበር የሚታየው። ሁለተኛው ጉድለት ወርክሾፑ ከተሠራ በኋላ የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ አለመታሰቡ ነው። እኛ የሒሳብ ሠራተኞች የካፒታል በጀትና መደበኛ በጀት የምንለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። ሕንጻውና ማሽኑ በካፒታል በጀት አንድ ጊዜ ይገዛል። ክር፣ ጨርቅ፣ ጣውላ፣ ሚስማርና ዱቄት ግን በየወሩ የሚያልቅ ነገር ነው። ብድሩ የመጀመሪያውን ሸፈነ፤ ሁለተኛው በየዓመቱ ከትንሽ መደበኛ በጀት የሚጠበቅ ሆነ።

የ1964ቱ ጥናትና የወላጆች ቁጣ

በ1964 ዓ.ም. መንግሥት ትምህርቱን በሙሉ አስጠና። ሴክተር ሪቪው እየተባለ የሚጠራው ይህ ጥናት አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት ብቻ ተግባር ላይ ያተኮረ ትምህርት ተምሮ ወደ ሥራ እንዲገባ፣ ጥቂቱ ብቻ ወደ ላይ እንዲቀጥል ሐሳብ አቀረበ። ሕዝቡ ሲሰማው ተቆጣ። የድኻ ልጅ ዶማ ይዞ ይቅር፣ የባለሥልጣን ልጅ ግን ዩኒቨርሲቲ ይግባ ማለት ነው ተብሎ ተተረጎመ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይህ ነበር። መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ። ያ ቁጣ ወደ አብዮቱ ካደረሱት አንዱ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ወላጅ የሙያ ትምህርትን የጠላው ሙያን ስለናቀ ብቻ አይደለም። የሙያ ትምህርት ወደ ላይ የሚያወጣውን በር የሚዘጋ መስሎ ስለታየው ነው። ዛሬም እናት «ልጄ ዶክተር ትሁንልኝ» ስትል ይኸው ሥጋት አለባት።

ሁለተኛው ጊዜ፦ ትምህርት ለምርት

ደርግ ትምህርትን ከምርት ጋር ማያያዝ የአብዮቱ አንድ ዓላማ አድርጎ ያዘው። የትምህርት ቤት እርሻ ተስፋፋ፤ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ቀለምን ከሥራ ጋር ያጣመረ ፖሊቴክኒክ የተባለ የ8 ዓመት ትምህርት ተሞከረ። ለአዋቂዎችም በየአካባቢው የማኅበረሰብ ሙያ ማሠልጠኛ ጣቢያዎች ተከፈቱ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሀዲይኛና ከምባትኛ ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት ያኔ ነው።

በዚያ ዘመን የተማሩ ታላላቅ እህቶቻችን ጥልፍና ዳንቴል፣ የጓሮ አትክልትና የእንጨት ሥራ በትምህርት ቤት መማራቸውን ያስታውሳሉ። ጠቀሜታው ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ጦርነቱ በጀቱን በላው፤ በፈረቃ የሚማረው ተማሪ ብዛት ክፍሎቹን አጨናነቀ። ከሁሉም በላይ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚያሳልፈው የቀለም ትምህርት እንጂ የእጅ ሥራ ስላልነበረ መምህሩም ተማሪውም ጊዜውን ወደሚያሳልፈው አዞረ።

ሙያ ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል የወጣበት ዘመን

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ብዙ መልካም ነገር አመጣ። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ በእኛ ዘንድም በሀዲይኛና በከምባትኛ መማር ጀመሩ። የሙያ ሥልጠና ግን ከ10ኛ ክፍል በኋላ እንዲሰጥ ሆነ። ባልትና፣ እርሻና የእጅ ሥራ ራሳቸውን የቻሉ የትምህርት ዓይነቶች መሆናቸው ቀረ።

እኔና እኩዮቼ 7ኛና 8ኛ ክፍልን ያለፍነው በዚህ ዘመን ነው። 10ኛ ክፍል እስክንደርስ ድረስ አንድም ሙያ ሳናይ በውጤታችን ተደለደልን። ከፍተኛ ያመጣ ወደ 11ኛ፣ ያነሰው ወደ ቴክኒክና ሙያ ሄደ። ስለዚህ ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ሰው የሚገባበት ተደርጎ ተቆጠረ። እኔ በዲፕሎማ የተማርኩትን ሙያ ወድጄ እሠራበታለሁ፤ ነገር ግን መዝገብ መያዝ የሚባል ሥራ መኖሩን ያወቅሁት የምርጫ ፎርም ስሞላ ነው። በ13 ዓመቴ ባውቀው ኖሮ መርጬው በገባሁ እንጂ ተመድቤ አልገባም ነበር።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በእኛ አካባቢ በግልጽ ይታያል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከሀዲያና ከከምባታ ወንድሞቻችን በኬንያ፣ በታንዛኒያና በሌሎች አገሮች አቋርጠው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ፣ እህቶቻችንም ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱ ኖረናል። የተሳካላቸው ቤት ሠርተዋል፣ ቤተሰብ ረድተዋል። በመንገድ የቀሩትንም ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ልጅ 8ኛ ክፍል ሲደርስ የሚያየው ሁለት መንገድ ብቻ ነው፦ ዩኒቨርሲቲ ወይም ስደት። በመሀል ያለውን የሥራ ዓለም የሚያሳየው አላገኘም።

ጎረቤት አገር ምን ገጠመው?

ኬንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 8-4-4 የተባለውን ሥርዓት ስትጀምር በአንደኛ ደረጃ እርሻ፣ የቤት አያያዝና የእጅ ጥበብ አስገባች። ወርክሾፑን ወላጆች በመዋጮ እንዲሠሩ ተጠየቁ። ሀብታም አካባቢ ሠራ፣ ድኻው አልቻለም። የትምህርቱ ብዛትም ልጆቹን ስላጨናነቀ ከ2000 በኋላ ብዙዎቹ ተቀነሱ። ፊሊፕ ፎስተር የተባለ ምሁር ደግሞ በ1965 ስለ ጋና በጻፈው ጥናት ልጆች ሥራ የሚመርጡት በትምህርት ቤት በተነገራቸው ሳይሆን ውጭ ባለው የሥራ ገበያ ክፍያ ነው ብሏል። ይህ እውነት አለው። የሙያ ትምህርት ብቻውን ሥራ አይፈጥርም። ልጅ ግን ያላየውን ሥራ ሊመርጥ አይችልም።

ሦስተኛው ጊዜ የእኛ ነው

አዲሱ ሥርዓት 7ኛና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ ብሎ እንደ ንጉሡ ዘመን ለብቻ አስቀምጧቸዋል። ሁለት ነገሮች ግን ከቀድሞው ይለያሉ። አንደኛ፣ ትምህርቱ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው። ወንድ ልጅ ምግብ ማዘጋጀትን፣ ሴት ልጅም መሣሪያ መጠቀምን ሊማሩ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ወደ ላይ የሚያወጣውን በር አይዘጋም። ልጁ ተምሮ 9ኛ ክፍል ይቀጥላል። ስለዚህ የ1966ቱ ወላጆች የፈሩት ነገር እዚህ የለም።

ያልተለወጠው የመሣሪያውና የዕቃው ችግር ነው። እዚህ ላይ ማኅበራችን ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው ዕውቀታችንን ማዋስ ነው። እንሰት በኢትዮጵያ እስከ 20 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ የሚመገበው ተክል ነው። መፋቁን፣ ማብላላቱን፣ ቡላውን መለየቱን፣ ቃጫውን ማውጣቱን የያዝነው እኛ ሴቶች ነን። ይህ የምግብ ቴክኖሎጂ ነው። ከአባሎቻችን አንዲት እናት ከመምህሩ ጋር ተነጋግራ አንድ ክፍለ ጊዜ ብታሳይ ወርክሾፕ አያስፈልግም። ልብስ ሰፊዎቻችን፣ ሸክላ ሠሪዎቻችንና ነጋዴዎቻችንም እንዲሁ። ሸክላ ሠሪዋ በመምህር ቦታ ስትቆም ልጆቻችን ያንን የድሮ ንቀት ሳይወርሱት ያድጋሉ።

ሁለተኛው በጀቱን መጠየቅ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ ሲሰጣቸው ቆይቷል። በወላጅ መምህር ኅብረት ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ እህቶች የትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ዕቅድ ሲቀርብ «ለሙያ ትምህርት አላቂ ዕቃ ስንት ተያዘ?» ብላችሁ ጠይቁ። በዕቅዱ ውስጥ መስመር ያልተከፈተለት ነገር ገንዘብ አያገኝም።

ሦስተኛው ቤታችን ውስጥ ነው። ልጃችን ደብተሩን ይዞ «የቁጠባና የወጪ መዝገብ እንድሠራ ታዘዝኩ» ቢለን የማኅበራችንን የቁጠባ ደብተር እናሳየው። ወንዱንም ሴቷንም እኩል።

ይህንን በተመለከተ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አጀንዳ እንዲያዝልን ሥራ አስፈጻሚውን በትሕትና እጠይቃለሁ። ፈቃደኛ የሆናችሁ አባላት ስማችሁንና የምታውቁትን ሙያ ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። ስንት ሙያ በመካከላችን እንዳለ ከዝርዝሩ አይተን በየሰፈራችን ያሉ ትምህርት ቤቶችን እናነጋግራለን።