ፀሐይን ወደ ጎጆ ማስገባት፤ የኮሶዬ ትረካ

ስሙኝማ! ከጎንደር ተነሥታችሁ የደባርቅን መንገድ ይዛችሁ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ስትወጡ፣ ምድሩ ድንገት ያልቅባችኋል። ኮሶዬ ደረሳችሁ ማለት ነው። ከእግራችሁ ሥር ገደል፤ ከገደሉ ማዶ እስከ ቆላው ድረስ የተደራረበ ተራራ። አፋፉ ላይ ጭላዳ ሣር ይነጫል። ከኋላችሁ የወገራ ደጋ ነው፤ ገብሱ፣ ባቄላው፣ ድንቹ። ከፍታው 2800 ሜትር ገደማ ነውና አየሩ ስስ፣ ሌሊቱ ብርድ፣ የበጋ ፀሐዩ ደግሞ ፊት የሚለበልብ።

እናላችሁ፣ ታሪኬ የዚህች ፀሐይ ታሪክ ነው። የመብራት ምሰሶ ዋናውን መንገድ እየተከተለ ይሄዳል፤ ከመንገዱ ርቃ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ጎጆ ግን ተራዋ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ይህን መንግሥትም ያውቀዋል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም፣ ከሕዝቡ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ የቀረው 35 በመቶ ደግሞ በአመዛኙ ከፀሐይ ኃይል መብራት እንዲያገኝ አቅዶ ነበር። ለሰላሳ አምስቱ በዕቅዱ የታሰበላቸው መብራት በአብዛኛው ሶላር ነበር ማለት ነው። ስለዚህ እንማረው።

ኮሶዬ ላይ ጎጆ ከመቀለሳችን በፊት ግን አንዴ ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ ሬማ ልውሰዳችሁ። ሬማ በአማራ ክልል ያለች የገጠር መንደር ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት እዚያ ገብቶ፣ ከሺህ በላይ ለሆኑ ቤቶች በየጣሪያቸው አነስተኛ ፓኔል ተከለ። ፓኔሉ 10 ዋት ብቻ ነው፤ የሚያበራውም ጥቂት የኤልኢዲ አምፖሎች። ታዲያ የሬማ ዝና ከፓኔሉ ብዛት ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። እዚያው መንደር ውስጥ የሶላር ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ባለቤቶቹም በየወሩ ጥቂት ብር እንዲከፍሉ ተደረገ፤ ገንዘቡ ለጥገና እንዲውል። ሥራውን በኢትዮጵያ ይመሩ የነበሩት ሳምሶን ፀጋዬ ሲሆኑ፣ ድርጅቱ በ2009 እ.ኤ.አ. የአሽደንን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቶበታል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መብራቱ፣ ትምህርቱና የጥገናው ብር አብረው ነው የገቡት። የትረካዬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደ ኮሶዬ እንመለስ። እንደ ተራኪ ወግ አንዲት እናትና አንድ ወጣት ባለሙያ ላቁምላችሁ። ጎጆዋ ቆርቆሮ ክዳን ናት፤ ማጀት አላት፣ መደብ አላት፣ ጎኗ ላይ በረት አላት። ወጣቱ ፓኔል ተሸክሞ አልመጣም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ነው የመጣው።

«እማማ፣ ማታ ማታ ስንት አምፖል ይበቃዎታል?»

«አራት ይበቃኛል ልጄ። አንዱ ለማጀት፣ አንዱ ከመደቡ በላይ፣ አንዱ ልጆቹ ለሚያጠኑበት፣ አንዱ ለበረቱ በር።»

«ሬዲዮስ?»

«ሬዲዮማ እንዴት ይቀራል! ልጆቹ ደግሞ ቴሌቪዥን ቴሌቪዥን እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተውኛል። ስልክም ሦስት ነን።»

ጻፈ። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው የሆዳቸውን አወጡት፤ «ምጣዱስ ልጄ? እንጀራ ይጋግርልኛል?»

«እሱን እንኳ አይችልም እማማ።»

የማይችለው ለምን እንደሆነ ቁጥሩን እንየው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይስባል። ለዚህች ጎጆ የምናስበው ፓኔል 150 ዋት ነው። ስለዚህ ሃያ ሦስት እንዲህ ያለ ፓኔል፣ ያውም ጠራራ ፀሐይ ላይ ሆኖ፣ አንድ ምጣድ ለማጋል ገና ይታገላል። ይህን ከመጀመሪያው በግልጽ የሚናገር ባለሙያ ነው የሚታመነው። ብርሃን፣ ድምፅና ስልክ ለሶላር ቀላል ናቸው፤ ሙቀት ግን ከባድ ነው።

አሁን ደብተሩን አብረን እንመልከት። አራት አምፖል፣ እያንዳንዱ 7 ዋት፣ በቀን 5 ሰዓት፤ 140 ዋት ሰዓት። ሬዲዮው 10 ዋት ለ4 ሰዓት፤ 40። ሦስቱ ስልኮች በድምሩ 30። አነስተኛ ቴሌቪዥን 30 ዋት ለ3 ሰዓት፤ 90። ድምሩ በቀን 300 ዋት ሰዓት ነው። በሽቦው፣ በባትሪውና በፓኔሉ ላይ ባረፈው አቧራ ሰላሳ በመቶ ያህል ይባክናል እንበል፤ ስለዚህ በየቀኑ 430 ያህል ማምረት አለብን።

ፀሐይስ ምን ያህል ትሰጠናለች? እዚህ ላይ ነው ኮሶዬ ራሷን የምታሳውቀው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ፓኔሉ ከሚፈለገው በላይ ያመርታል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ አፋፉን ሲያለብሰው ይውላል። ወጣቱ የበጋውን ፀሐይ አይቶ ቢያሰላ ኖሮ ጎጆዋ ክረምት ላይ ትጨልም ነበር። ለክረምት በጥንቃቄ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ ያዘ፤ 430 ለ3.5 ሲካፈል 123 ዋት ይመጣል። 150 ዋት ያለው ፓኔል የተመረጠው በዚህ ስሌት ነው።

ቀጥሎ ባትሪው። ባትሪ የጎጆዋ ጎተራ ነው፤ የበጋውን ለክረምት ባያቆይም የቀኑን ለሌሊት፣ የዛሬን ለነገ ያቆያል። ሁለት ቀን ሙሉ ጉም ቢሆን 600 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በ12 ቮልት ሲካፈል 50 አምፒር ሰዓት። የሊድ አሲድ ባትሪ ደግሞ ከግማሹ በታች እየተሟጠጠ ከዋለ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ 100 አምፒር ሰዓት ይገዛል። ብዙ ሰው ገንዘብ ለማትረፍ ያገለገለ የመኪና ባትሪ ይገዛል፤ የመኪና ባትሪ የተሠራው ግን ለአፍታ ሞተር ለማስነሣት ነው እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲጎድል አይደለም። በጥቂት ወራት ይሞታል፤ ባለቤቱም «ሶላር አይረባም» ብሎ ይደመድማል። ሊቲየም ባትሪ ይሻላል፣ ጠልቆ ቢጎድልም ይታገሳል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን ቻርጅ መደረግ የለበትም። ውርጭ ባለበት ደጋ ይህ ሊረሳ አይገባም። የትኛውም ቢሆን ባትሪው ቤት ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከምድጃው ርቆ፣ አየር በሚያገኝበት ይቀመጣል። ሊድ አሲዱ ቻርጅ ሲደረግ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና።

አሁን ወጣቱ ቆርቆሮው ላይ ወጥቷል። ኮሶዬ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ 15 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ያኔ የሚመረተው ጥቂት ይቀንሳል። ማዘንበሉ ግን ሌላም ጥቅም አለው፤ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ ይወርዳል። በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል አንድ ጋት ክፍተት ትቶ አሰረው፤ ፓኔል ሲግል ኃይሉ ይቀንሳልና አየር ይለፍበት። የኮሶዬ ብርድ ለፓኔል ወዳጅ ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፓኔሉ ላይ የተጻፈው ቮልት በ25 ዲግሪ የተለካ ነው፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ቮልቱ በ0.3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ነገ ሁለት ፓኔል በተከታታይ ይያያዝ ቢባል፣ 44 ቮልት የሚባለው በታኅሣሥ ማለዳ 47 ያልፋል። የባትሪውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ቻርጅ ኮንትሮለሩ፣ ይህን መቻል አለበት።

ሽቦውን ተመልከቱልኝ። ከፓኔሉ እስከ ባትሪው 10 ሜትር ነው፤ የሚያልፈው 8 አምፒር ገደማ። ቀጭኑ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከሆነ ከአንድ ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ12 ቮልት አንድ ቮልት ብዙ ነው። 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ብክነቱ ከግማሽ ቮልት በታች ይሆናል። ስለ ፓኔሉ ዋት ሲከራከር የዋለ ገዢ ሽቦው ላይ ሲቆጥብ ፓኔሉን ቀነሰ ማለት ነው።

ከዚያ ማያያዙ ተራ አለው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና። ወጣቱ መጀመሪያ ባትሪውን ከቻርጅ ኮንትሮለሩ ጋር አገናኘ፤ ኮንትሮለሩ የባትሪውን ቮልት አይቶ ሥራውን እንዲያውቅ። ቀጥሎ ፓኔሉን። በመጨረሻ አምፖሎቹን። ሲፈታ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ፓኔሉ ከባትሪው በፊት ይላቀቃል። በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ አስገባ። ፊውዙ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ሽቦው ቢነካካ ከባትሪው የሚፈነዳው ኃይል ቤት ያቃጥላል፤ እሷ ቀድማ ትቃጠልና ቤቱን ታተርፋለች።

አምፖሉ በራ። ልጆቹ እልል አሉ። ወጣቱ ግን መሣሪያውን አልሰበሰበም። እናትየውን አጠገቡ አስቀምጦ የቮልት መለኪያውን እጃቸው ላይ አኖረው።

«ጠዋት አምፖል ሳይበራ፣ ፀሐይም ሳትወጣ ይለኩት እማማ። 12.7 ካለ ሙሉ ነው። 12.2 ካለ ግማሽ። ከዚያ በታች ካዩ የዚያን ቀን ማታ ቴሌቪዥኑ ይረፍ።»

«ቁጥሩን ልጆቹ ያነቡልኛል፤ ይረፍ የምለው ግን እኔ ነኝ» አሉት።

ቤቱ የሶላር ባለቤት የሆነው በዚህች ቃል ነው። አባቶቻችን «ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ፤ ጥሩ ባትሪ አያያዝ ካወቀለት ሰው ጋር ዓመታት ይኖራል። በየወሩ አቧራውን መጥረግ፣ የባትሪውን ጫፍ ከዝገት ማጽዳት፣ ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ የተጣራ ውኃ ብቻ መጨመር። ለቀጣዩ ባትሪም ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ብር ማስቀመጥ፤ ፓኔሉ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሠራ ባትሪው ግን ከዚያ በፊት መቀየሩ አይቀርምና።

እናላችሁ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለአንዲት ጎጆ ብቻ ብዬ አይደለም። ለገጠር ፓኔል ማከፋፈል መልካም ሥራ ነው፤ ፎቶውም ያምራል። ነገር ግን ፊውዝ የምትቀይር፣ ቮልት የምትለካ፣ ስሌቱን ደብተር ላይ የምታወጣ ወጣት በቀበሌው ከሌለች፣ የመጀመሪያው ብልሽት የመጨረሻው ይሆናል። በሬማ ትምህርት ቤቱ ከፓኔሉ ጋር መቆሙ ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው። ወገራም፣ ዳባትም፣ ደባርቅም እንዲህ ያለ ትምህርት ይገባቸዋል። አንድ መቶ ፓኔል ለአንድ ቀበሌ ሲላክ ከበጀቱ ተቆርሶ ሁለት የቀበሌው ልጆች ይሠልጥኑበት፤ መለኪያና መፍቻም ይሰጣቸው። እናንተም የራሳችሁን ጎጆ ልታበሩ ካሰባችሁ፣ ነጋዴው ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ዛሬ ማታ ቁጭ በሉና ቤታችሁ በቀን ስንት ዋት ሰዓት እንደሚበላ ጻፉ። ያን ቁጥር የያዘ ሰው አይታለልም።