የበረዶ ላይ ሸርተቴ ስፖርት አጀማመርና የኢትዮጵያ ተሳትፎ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ለሚኖር አርሶ አደር ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚዘልቀው የዝናብ፣ የእርሻና የአረም ወቅት ነው። "የክረምት ኦሊምፒክ" እየተባለ የሚጠራው ዓለም አቀፍ ውድድር ግን የሚካሄደው በጥርና በየካቲት፣ ማለትም በምዕራብ ጎጃም እህል ተወቅቶ ወደ ጎተራ በሚገባበት በበጋው ወራት ነው። ልዩነቱ የመነጨው ስያሜው የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ ቀዝቃዛ ወቅት መሠረት ያደረገ በመሆኑ ነው። "የበረዶ ኦሊምፒክ" የሚለው አጠራር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

በረዶ በኢትዮጵያ

በረዶ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በዕለት ተዕለት አማርኛ እንደ ጠጠር የሚወርደውም ሆነ እንደ ጥጥ የሚዘንበው በረዶ ይባላል። ግዕዝ በበኩሉ በረድን፣ አስሐትያንና ሐመዳን ለይቶ ይጠራል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ወደ ሰሜን ተራሮች መዝመቱንና በዚያም ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰምጥ በረዶ መኖሩን ይገልጻል።

ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጠው በራስ ዳሸንና በአካባቢው ዛሬም በረዶ የሚጥልበት ጊዜ አለ። ሆኖም ለሸርተቴ የሚሆን ንጣፍ ሠርቶ ለወራት አይቆይም። በበጋ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም አየሩ ደረቅ በመሆኑ የሚታየው በአብዛኛው ውርጭ ነው፤ በክረምት ደግሞ እርጥበት ቢኖርም የጣለው በረዶ በቀኑ ሙቀት ፈጥኖ ይቀልጣል። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጎጃሙ የጮቄ ተራራም ብርዱ የበረታ ቢሆንም ከዚህ የተለየ ሁኔታ የለውም።

ከመጓጓዣነት ወደ ስፖርትነት

የበረዶ ላይ ሸርተቴ (ስኪ) የተጀመረው ለጨዋታ ሳይሆን ለኑሮ ነው። ቃሉ የመጣው የተፈለጠ እንጨት የሚል ትርጉም ካለው ጥንታዊ የስካንዲኔቪያ ቃል ነው። በሰሜን ሩሲያ ቪስ በተባለ ሥፍራ የተገኙት የሸርተቴ ስብርባሪዎች ወደ 8 ሺህ ዓመት፣ በስዊድን ካልቭትሬስክ የተገኘው ደግሞ ከ5 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ይገመታል። በአልታይ ተራሮች የሚኖሩ አዳኞች ወደኋላ እንዳያንሸራትት ከሥሩ የፈረስ ቆዳ የተለበጠ ሸርተቴ እስከ ዘመናችን ሲጠቀሙ ቆይተዋል።

በኖርዌይ ሸርተቴ የመንግሥትና የሠራዊት ጉዳይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1206 ሁለት ተዋጊዎች በሸርተቴ ተራራ አቋርጠው ሕፃኑን ሐኮን ሐኮንሰንን ከጠላቶቹ ማዳናቸውና ሕፃኑም ኋላ መንገሡ በአገሪቱ ታሪክ ይተረካል። እ.ኤ.አ. በ1767 የኖርዌይ ሠራዊት በሸርተቴ ላይ ሆኖ የመተኮስ፣ ቁልቁል የመውረድና ረጅም ርቀት የመጓዝ ውድድሮችን በገንዘብ ሽልማት ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ1868 ደግሞ የቴሌማርክ ተወላጁ ሶንድሬ ኑርሃይም በዋና ከተማዋ በተካሄደ ውድድር በችሎታው ተመልካቹን አስደንቋል። ተረከዝን አቅፎ የሚይዘው የእግር ማሰሪያው ተወዳዳሪው በሚዘልበትና በሚታጠፍበት ጊዜ ሸርተቴውን እንዲቆጣጠር አስችሏል። እ.ኤ.አ. በ1888 ፍሪትዮፍ ናንሰን ከጓዶቹ ጋር ግሪንላንድን በሸርተቴ ማቋረጡም ስፖርቱን በአውሮፓ አስተዋውቋል።

ዓለም አቀፍ ተቋማት

እ.ኤ.አ. በ1924 በፈረንሳይ ሻሞኒ 16 አገሮች የተሳተፉበት የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተካሄደ። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽንም በዚያው ዓመትና በዚያው ሥፍራ በ14 አገሮች ተመሠረተ። በሻሞኒ የነበሩት የሸርተቴ ውድድሮች የ18 እና የ50 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ፣ ዝላይ እንዲሁም የሁለቱ ጥምር ሲሆኑ፣ የቁልቁለት ሸርተቴ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ሴቶች በአገር አቋራጭ መወዳደር የጀመሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ኦስሎ ላይ ነው።

አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ጽናትን የሚጠይቅ በመሆኑ ኢትዮጵያውያን ከሚታወቁበት የአገር አቋራጭ ሩጫ ጋር ይመሳሰላል። ሁለት ስልቶች አሉት። አንደኛው በተዘጋጁ ሁለት ትይዩ መስመሮች ላይ የሚካሄደው ጥንታዊው ስልት ሲሆን፣ ሁለተኛው እግርን ወደ ጎን እየገፉ የሚሄዱበት ነፃ ስልት ነው።

የአፍሪካ ተሳትፎ

ከአፍሪካ በቀዳሚነት በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈችው ደቡብ አፍሪካ ስትሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1960 ነው። ሞሮኮ በ1968፣ ሴኔጋል በ1984 ተከትለዋል። ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን ናጋኖ በ10 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ ወደ መጨረሻ ቢገባም፣ አሸናፊው ኖርዌያዊ ቢዮርን ዴሊ እስኪደርስ ጠብቆ አቅፎታል። ቦይት ወደ ሸርተቴ የተዛወረው ከሩጫ ነበር።

ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው አትሌት ሮቤል ተክለማርያም ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሸርተቴን የተማረው፣ ሁለት ጊዜ የክረምት ኦሊምፒክ ባስተናገደችው ሌክ ፕላሲድ አካባቢ ነው። ኋላም ለኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ተወዳድሯል። ለኢትዮጵያ ለመሰለፍ ግን ችሎታው ብቻ በቂ አልነበረም። አንድ ስፖርተኛ በአገሩ ስም የሚወዳደረው ዓለም አቀፉ አካል የሚያውቀው ብሔራዊ ፌዴሬሽን ሲኖርና የአገሩ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሲያስመዘግበው በመሆኑ፣ ከቤተሰቡ አባላት ጋር የኢትዮጵያ የስኪ ፌዴሬሽንን አቋቋመ።

በዚህም መሠረት የካቲት 10 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2006) በጣልያን የቱሪን ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር ጥንታዊ ስልት ተወዳድሮ ርቀቱን አጠናቋል። የካቲት 8 ቀን 2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ የቫንኩቨር ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር ነፃ ስልት ተሰልፏል። በሁለቱም ጊዜ ብቸኛው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪና ሰንደቅ ዓላማ ያዥ እሱ ነበር።

የቀጣይነት ጥያቄ

ከሮቤል በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ2018 እና በ2022 በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች ኢትዮጵያ አልተሳተፈችም። ጎረቤት ኤርትራ በ2018 እና በ2022 በካናዳ ተወልዶ ባደገ ስፖርተኛ አማካይነት ተሰልፋለች። ኬንያም በ2018 ያሰለፈችው በኦስትሪያ ያደገች የቁልቁለት ሸርተቴ ተወዳዳሪን ነው። የእነዚህ አገሮች ልምድ እንደሚያመለክተው ለበረዶ አልባ አገሮች ዋነኛው ምንጭ በውጭ የሚኖሩ ዜጎችና ትውልደ አገር ወጣቶች ናቸው።

የበረዶ አለመኖር ልምምድን ሙሉ በሙሉ አያግድም። የበረዶ ተወዳዳሪዎች በሞቃት ወራት ባለ ጎማ ሸርተቴ አድርገው በአስፋልት ላይ የሚለማመዱ ሲሆን፣ በዚሁ መሣሪያ ዓለም አቀፍ ውድድርም ይካሄዳል። የኖርዌይ ታሪክ እንደሚያሳየው ግን ሸርተቴ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው ሠራዊቱና የስፖርት ማኅበራቱ ሥራዬ ብለው ስለያዙት ጭምር ነው። በኢትዮጵያ ፌዴሬሽኑ የተቋቋመው በአንድ ስፖርተኛና በቤተሰቡ ጥረት ነበር፤ የአገሪቱ የክረምት ኦሊምፒክ ተሳትፎም እስከ 2022 ድረስ በዚያው ስፖርተኛ ሁለት ውድድሮች ላይ ተወስኖ ቀርቷል።