ጃንሜዳ የማን ነው? ዋጋውስ ስንት ነው?

ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ወሬው ወደ መሬት ዋጋ በዞረ ቁጥር «ጃንሜዳ ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» የሚል አይጠፋም። እኛም ዕድሜ ልካችንን ከመዝገብ ጋር የኖርን ስለሆንን፣ የምናውቀውን በአጭሩ ለመጻፍ ተነሣን።

እንደሚታወቀው «ጃን» የንጉሥ ማዕረግ ነው፤ ጃንሆይ እንደምንለው ማለት ነው። ሜዳው የዘውድ ሜዳ ነበር። ጦር ይሰለፍበታል፣ ጉግስ ይጫወቱበታል፣ ፈረስ ይሽቀዳደሙበታል፣ ለጥምቀት ታቦታት ያድሩበታል። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ መሬት ይሸጥ ይለወጥ ነበር፤ ሰፊው ቦታም በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር። ጃንሜዳ ግን ገበያ አልወጣም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚፈቀደውም እስከ 500 ካሬ ሜትር ብቻ ሆነ። ለተወረሰ ቦታ ካሣ አልተከፈለም። በዚያን ቀን ባለርስቱም፣ ጭሰኛውም፣ የፈረሱ ሜዳም በአንድ አዋጅ ሥር ገቡ።

ከዚያ በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ መጣ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። እንግዲህ «ቢሸጥ» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይወድቃል። የሚሸጠው መሬቱ ሳይሆን ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብቱ ነው።

በሊዝስ ቢሆን? አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱን ካሬ በ10,000 ብር ብናስበው፣ አንዱ ሄክታር ብቻ 100 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህን ሒሳብ እኛ ከሠራነው፣ ሌላውም ሠርቶታል ማለት ነው። የሚያሰጋውም ይኸው ነው።

ነገር ግን ሒሳቡ ጎዶሎ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሲገባ በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ሰው እንዳይተፋፈግ ተብሎ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ያን የሚያህል ገበያ በችኮላ የሚያሳርፍ ሌላ ባዶ ቦታ መሀል ከተማ ከየት ይገኝ ነበር? በ2013 ዓ.ም. ከጥምቀት በፊት ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ተጠረገ። ጥምቀትም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን የትኛው ጨረታ ይተምነዋል?

እኛ ድንኳን ለመትከል ስፋት ስንፈልግ ጎረቤት የምንለምን ሰዎች ነን። ባዶ ቦታ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። የሁሉም የሆነ ነገር ጠያቂ ካጣ ከዳር ከዳሩ ይበላል። ስለዚህ ስለ ከተማው ቦታ ስብሰባ ሲጠራ አንቅር፤ ወሰኑ የት እንደሆነ እንጠይቅ፤ የሚባለውም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። አረጋውያኑም የምታውቁትን ለልጆቻችሁ ንገሩ።