ጥቀርሻ፣ ጥላሸትና ማሟሸት፦ የደነባ ማድ ቤት ጥቁረት ታሪክ

ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ በምትገኘው በደነባና በዙሪያዋ ባለው የሲያደብርና ዋዩ ገጠር፣ ማድ ቤት ለረጅም ዘመን ጥቁር ሆኖ የኖረው ባለቤቱ ቀለሙን መርጦ ስለ ቀባው ሳይሆን፣ ከምድጃው የሚነሣው ጭስ ዕለት ዕለት በግድግዳው፣ በማገሩና በጣራው ሣር ላይ እየተለጠፈ ስለ ደረበበት ነው። ማድ ቤት፣ ማለትም ማዕድ የሚሰናዳበት ቤት፣ አቅሙ በፈቀደለት ቤተሰብ ዘንድ ከመኖሪያው ተነጥሎ ይሠራ ነበር፤ አቅሙ ባልፈቀደለት ዘንድ ደግሞ ምድጃው በዚያችው ጎጆ ውስጥ፣ ማጀት በሚባለው የውስጥ ክፍል ይተከል ስለ ነበር፣ ጭሱ ከምግቡ ጋር የመኝታውንም ስፍራ ያጠቁር ነበር።

አማርኛ ይህን ጥቁረት በአንድ ስም አይጠራውም። ጥቀርሻ የሚባለው ከጣራው ሥር ከሸረሪት ድር ጋር ተያይዞ እየተንጠለጠለ የሚወርደው፣ ሲነኩት የሚበነው የጭስ ክምችት ሲሆን፣ ጥላሸት ደግሞ በድስትና በምጣድ ቂጥ ላይ የሚጋገረው ደቃቅ ከሰል ነው። ሁለቱም ነዳጁ በሚገባ ሳይነድ ሲቀር የሚተርፉ ናቸው፤ በማገርና በወጋግራ ላይ ግን ጭሱ የሚሸከመው ቅጥራን መሰል ፈሳሽ አብሮ ስለሚደርቅ፣ እንጨቱ ዘይት የተቀባ ያህል ያብረቀርቃል።

የደነባ ጭስ እንዲህ የበዛው ከምድሩ ጠባይ የተነሣ ነው። አካባቢው መረሬ በሚባለው፣ ክረምት ውሃ አቁሮ የሚያብጥ፣ በጋ ደግሞ እየተሰነጠቀ የሚደርቅ ጥቁር አፈር የተሸፈነ ሜዳ ሲሆን፣ ጤፉ፣ ስንዴው፣ ባቄላውና ምስሩ መሬቱን ከያዙት በኋላ ለዛፍ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ባሕር ዛፍ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ገብቶ የደጋውን መልክ ቢለውጥም፣ ግንዱ ለቤት መሥሪያና ለገበያ ስለሚፈለግ የምድጃው ዋና ማገዶ ኩበት ሆኖ ቀጠለ። ኩበት ቀስ ብሎ የሚነድ፣ ፍሙን የሚያቆይና ለሽሮ መንተክተክ የሚስማማ ነዳጅ ነው፤ ሆኖም ጭሱ ብዙ ከመሆኑም በላይ፣ ለማሳው ማዳበሪያ ይሆን የነበረው እበት ወደ ምድጃ ስለሚገባ፣ ማድ ቤቱ የሚጠቁረው ለመረሬው በሚገባ ሀብት ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ጥቁረት ጥቅም አልባ ቆሻሻ ብቻ አልነበረም። በጭስ የታጠነ የሣር ክዳን በነፍሳትና በእርጥበት ቶሎ አይበላም፤ ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው ቆላም ለዘር የተመረጠ የማሽላ ዛላ ነቀዝ እንዳይደፍረው ከምድጃ በላይ ይሰቀል ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ጥላሸቱ ከማድ ቤት ወጥቶ የደረሰበት ስፍራ ነው፦ የቤተ ክህነት ጸሐፍት በብራና ላይ የሚጽፉበት ጥቁር ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከሙጫ ተዋሕዶ ለብዙ ጊዜ እየተማሰና እየበሰለ ይዘጋጅ የነበረ ሲሆን፣ ከሰል ብርሃን የማያደበዝዘው ነገር በመሆኑ የድሮ መጻሕፍት ፊደል እስከ ዛሬ ጥቁር ሆኖ ይነበባል። ሴቶች ዓይናቸው እያለቀሰ ያከማቹት ጥላሸት የሊቃውንት መጻፊያ መሆኑን የሚያነሣ የመጻሕፍት ታሪክ ግን እምብዛም አይገኝም።

በማድ ቤት ውስጥ ታስቦበትና ተደክሞበት የሚመጣው ጥቁረት የምጣድ ጥቁረት ነው። ከሸክላ ሠሪ እጅ የሚወጣው ምጣድ እንጀራ ሊጋገርበት የሚችለው ከተሟሸ በኋላ ነው፤ ማሟሸት ማለትም ምጣዱን እሳት ላይ ጥዶ፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር እየነሰነሱና ማሰሻ በሚባለው ጨርቅ እያሹ፣ የዘሩ ዘይት በሸክላው ቀዳዳ ገብቶ እስኪጠጥርና ገጹ እንደ መስተዋት ጠቁሮ እስኪያበራ ድረስ ደጋግሞ መሥራት ነው። በሚገባ ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል፤ ስለዚህ የባለሙያዋ ችሎታ በጥቁረቱ ልስላሴ ይለካ ነበር፤ ጥቁር ቀለም በዚህ ቤት ውስጥ የውበትና የሙያ መለኪያ የነበረው በዚህች ክብ ገጽ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጭሱ ያመጣውን ጥቁረት ግን ቤተሰቡ በትዕግሥት ብቻ አልተቀበለውም። ለበዓል ጥቀርሻው በረጅም መጥረጊያ ይወርዳል፣ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፣ የግድግዳው የታችኛው ክፍልም ከጤፍ ጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ እንደገና ይመረጋል፤ መረሬ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ጭዱ የግድ ነው። በዚህ የተነሣ ግድግዳው እጅ እስከሚደርስበት የአፈር መልክ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የጭስ መልክ ይዞ በሁለት ይከፈላል።

እንዲህ ያለው ቤት የሸዋ ብቻ አይደለም። የሩሲያ ገበሬዎች ጭስ ማውጫ የሌለውን ቤት ጥቁር፣ ያለውን ነጭ እያሉ ይለዩ ነበር፤ በጃፓን ደግሞ ከአሮጌ የገበሬ ጣራ የሚወጣው፣ ጭስ ለብዙ ዓመታት ያጠቆረው ቀርከሃ ሱሱዳኬ ተብሎ ለጌጥ ሥራ በውድ ይሸጣል። በደነባ ጥቀርሻውን ለገበያ ያሰበ የለም፤ ዋጋውን የከፈሉት የሴቶች ሳንባና ዓይን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በኢትዮጵያ ከ10 ቤተሰብ ከ9 በላይ የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበት፣ በከሰልና በመሰል ነዳጅ ነበር።

የለውጡ መነሻ ቆርቆሮ ነው። የሣር ክዳን ጭሱን በመላ አካላቱ ቀስ እያለ ሲያሳልፍ፣ ቆርቆሮ ግን መልሶ ወደ ታች ስለሚደፍቀው፣ ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ምድጃውን ወደ ጓሮ ለማውጣት ተገደደ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መሰራጨት የጀመረው፣ ከሲሚንቶ ተሠርቶ እሳቱን ዙሪያውን የሚዘጋው ምርጥ ምድጃ፣ ከሦስቱ ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ ወደ ግማሽ ሲያወርደው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ በከተማው ቤት ጭሱን ጨርሶ አስቀረው። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ታችኛው ግማሽ እድፍ እንዳያሳይ ጠቆር ባለ የዘይት ቀለም፣ ላይኛው በነጣ ያለ ቀለም መቀባት ልማድ ሆነ፤ የድሮው ባለ ሁለት መልክ ግድግዳም ተገልብጦ ጥቁሩ ወደ ታች ወረደ።

አሁን በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ጥቁር ግራናይትና ጠቆር ያለ ቁም ሳጥን የሚገጠምለት ኩሽና በዚህ ታሪክ መጨረሻ የመጣ ነው፤ ጥቁረት የሚመረጥ ቀለም ለመሆን ጭሱ አስቀድሞ ከቤት መውጣት ነበረበት። ሁለቱ ጥቁሮች በጠባያቸውም ተቃራኒ ናቸው፦ የጭሱ ጥቁረት ሁሉን ሲሸሽግ፣ የግራናይቱ ጥቁረት የጤፍ ዱቄቱን ብናኝና የውሃውን ጠብታ ሁሉ እያጋለጠ ቀኑን ሙሉ መወልወልን ይጠይቃል። ብዙ ቤተሰብ ከዚሁ ኩሽና ሌላ በጓሮ በኩል ሰርቪስ የሚባል ቤት ያበጃል፤ በርበሬው የሚታመሰውና ለጠላ የሚሆነው ብቅል የሚዘጋጀው፣ መብራት ሲጠፋም እንጀራው በኩበት የሚጋገረው በዚያ ሲሆን፣ ጥቀርሻውም እንደ ጥንቱ ከጣራው ሥር ይንጠለጠላል።